የጥንብ አንሳዎቹ መደብ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ጎንደር

የአዘዞ ዳቦ ቤቶች የመጀመሪያውን ዳቦ ሲያወጡ እኛ እያለፍናቸው ነበር። ነጭ ፒክአፕ፣ ሦስት ሰው፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ አንድ እሽግ ውኃ። ሾፌራችን አንዳርጌ ከመነሳታችን በፊት መተማ ላሉ ጓደኞቹ ሦስት ጊዜ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቋል። በዚህ ዘመን ከናፍጣ ቀድሞ የሚሞላው ወሬ ነው።

ከፊት ወንበር፣ ሰማያዊ አቃፊ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የተቀመጡት አቶ ፍቅሬ ናቸው። ከክልል የመጡ የበጀት ባለሙያ ናቸው። በመጥፋት ላይ ላሉ አገር በቀል የዱር እንስሳት ጥበቃ የሚውል የመንግሥት ገንዘብ አለ፤ ከየወረዳው ጥያቄ ይቀርባል፤ ጥያቄው እውነት መሆኑን ሄዶ የሚያይ ሰው ይላካል። ሌላው ወረዳ የጠየቀው ለሚያምሩት ነው፤ ቀንድ ላላቸው፣ ጎፈር ላላቸው፣ ፖስተር ላይ ለሚወጡት። ከመተማ ቆላ አንዲት ቀበሌ ግን የጠየቀችው ለጥንብ አንሳ ነው። እኔ ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህን ስሰማ የኋላ ወንበሩን ለመንኩ። የምስቅበት ነገር እንደማገኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

አንዳርጌ ጭልጋን እስክንይዝ መታገሥ አልቻለም።

«አሁን በእውነት፣ አቶ ፍቅሬ፣ የመንግሥት ብር ለጥንብ አንሳ ነው? እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ስነዳ አበሌን የሚጨምርልኝ አጣሁ።»

«ጥንብ አንሳ አበል አይበላም» አሉ አቶ ፍቅሬ መንገዱን እያዩ። «ደግሞ እያለቀ ነው። ለጅብ ተብሎ መርዝ የተነሰነሰበትን ሥጋ እሱ ይበላዋል።»

«እኔም እያለቅሁ ነው፤ ማን ቆጠረኝ?»

አቶ ፍቅሬ አቃፊውን ከፍተው ቅጹን አሳዩን። አራት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በዓይን የታየ» የሚል ሣጥን አለ። እሳቸው ያንን ሣጥን ሳያዩ አይሞሉም። ምክንያቱን ሲነግሩን እንኳ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ከዓመታት በፊት የአንድ ትምህርት ቤት የውኃ ቧንቧ ተሠርቷል ሲሏቸው አምነው ፈረሙ። በኋላ ሄደው ሲያዩት ቧንቧው እንደ ችግኝ ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም።

«ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ወጥ ሠርቻለሁ ስትለኝ እንኳ ክዳኑን እከፍታለሁ» አሉ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ አይከል

ብርዱ ገና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ፍርፍር በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ጃኬታችንን እንደለበስን ወረድን። ቁልቁለቱ ሲጀምር የመጀመሪያው ጃኬት ወለቀ፤ ነጋዴ ባሕር ከተማ ስንደርስ የመጨረሻው። አቶ ፍቅሬ ብቻ ቁልፋቸውን አልፈቱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ አገር ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ሣሩ ከሰው የሚረዝም፣ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ በየማሳው ቆሟል። አይሱዙ መኪናዎች አጫጆችን እንደ ማገዶ አቁመው ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከጎጃምም ከወሎም የመጡ ናቸው። አንድ ኬላ ላይ ከጎናችን የቆመ መኪና ላይ ያለ የወሎ ልጅ የመኪናችን በር ላይ የተጻፈውን «የዱር እንስሳት ጥበቃ» አንብቦ «የዱር እንስሳት ናችሁ?» አለን።

«ሁለታችን ብቻ ነን» አለው አንዳርጌ፤ «እሷ ጋዜጠኛ ናት።»

ቀትር፣ ገንዳ ውኃ

የጓንግ ወንዝ ዓሣ፣ ቃሪያ፣ ከበረዶ ሣጥን የወጣ ውኃ። ዓሣው ሦስት መቶ ብር፣ ውኃው ሃምሳ። እዚህ ከተማ ዓሣ ሳይሆን ቅዝቃዜ ነው የሚሸጠው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ለምን እንደመጣን ስትሰማ ትሪውን ይዛ ቆመች።

«ለጥንብ አንሳ? ምነው፣ ሌላ እንስሳ አጣችሁ?»

«ጥንብ አንሳ ባይኖር ጥንቡን ማን ያነሳዋል፣ እመቤት?» አሉ አቶ ፍቅሬ።

«እሱስ ልክ ነው» አለች፤ «ማዘጋጃ ቤት አያነሳው።» ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው እንዳለ ለማየት ዙሪያዋን ቃኘች።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መተማ ዮሐንስ

ሸራ የለበሱ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ይዘው ተኝተዋል። ባጃጆቹ በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። ከወዲያ ማዶ ከሱዳኗ ገላባት በእግር የሚሻገሩ ሰዎች ፍራሽም፣ ድስትም፣ ልጅም ተሸክመዋል። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የመጡ ሱዳናውያን ሴቶች በመንገዱ ዳር ሻይና ከርከዴ ይሸጣሉ። አንዷ ጋ ተቀመጥን። ከርከዴው ቀዝቃዛ፣ ቀይ፣ ጎምዛዛ ነው፤ ብርጭቆው ሠላሳ ብር። «ተማም?» አለችኝ። «ተማም» አልኳት፤ ደህና ነው ለማለት የማውቀው አረብኛ ይኸው ነው። አቶ ፍቅሬ ለባለቤታቸው ሽቶ ገዙ። ከመግዛታቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል በአቧራ ሄድን። የቀበሌዋን ስም እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ምክንያቱን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

መግቢያው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን የሚያገሳ አንበሳ አለ።

«አንበሳም አላችሁ?» አሉ አቶ ፍቅሬ።

«የለንም» አለ ሊቀመንበሩ ጌትነት፤ ሠላሳ አምስት የማይሞላው፣ ካፖርት የለበሰ፣ በዚያ ሙቀት። «ግን የጥንብ አንሳ ፎቶ ባነር ላይ ሲወጣ አያምርም ብለን ነው።»

ከዚያ ንግግር አደረገ። ቀበሌዋ ለእንግዶቿ ክብር ስትል ለአሥር ቀን የጽዳት ዘመቻ ማካሄዷን፣ መንገዱ መጠረጉን፣ የዛፍ ግንድ በኖራ መቀባቱን ነገረን። እውነትም ነው፤ ሥፍራው እንደ ሰርግ ቤት ያበራል። «በተለይም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከመንደሩ ጀርባ ለዓመታት የሞተ ከብት ይጣልበት የነበረውን ሜዳ ሙሉ በሙሉ አጽድተናል። ሦስት አህያ፣ አንድ ግመል፣ አንድ ላም በጥልቅ ጉድጓድ ቀብረን ኖራ አፍስሰንበታል። አሁን ሽታ የለም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም በይሉኝታ አጨበጨብኩ። ያላጨበጨቡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ አጭር ሱሪ ላይ የወታደር ሸሚዝ የለበሱ።

«አያ ዘለቀ ናቸው፣ ጠባቂያችን» አለ ጌትነት።

አያ ዘለቀ ጨበጡን፤ ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ወፎቹ የሚበሉትን ቀበርኸውሳ!»

ጌትነት ወደ ባነሩ ተመለከተ። አንዳርጌ ሳቁን ለመደበቅ ጎማ የሚያይ መስሎ ከመኪናው ሥር ገባ።

ያው ረቡዕ፣ ከዛፎቹ ሥር

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደሩ አንድ ሰዓት በእግር በደረቁ ወንዝ ዳር የቀረ የጫካ ቁራጭ አለ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሰሊጥ ሆኗል። በቁራጩ ውስጥ ሆዳቸው የሰፋ ትልልቅ የዲማ ዛፎች ቆመዋል፤ ጥንብ አንሳዎቹ የሚፈለፍሉት እነሱ ላይ ነው። አያ ዘለቀ በፊት አንድ ፕሮጀክት ጠባቂ አድርጎ ቀጥሯቸው ነበር። ፕሮጀክቱ አለቀ፤ እሳቸው ግን ሳይከፈላቸው መጠበቃቸውን ቀጠሉ። አሁን አንድ ባለ ትራክተር ቦታውን ለእርሻ ጠይቋል፤ በጀቱ ካልመጣ ይሰጠዋል። ዛፎቹ ላይ ከወዲሁ በቀይ ቀለም መስቀል ተቀብቶባቸዋል። የሚቆረጡት ናቸው።

«ሰባት ጎጆ አለ» አሉ አያ ዘለቀ ወደ ላይ እያሳዩ። «ሰባቱም ላይ እንቁላል የታቀፉ አሉ። ባሎቻቸው ምግብ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። ድሮ እዚሁ ሜዳው ላይ ነበር የሚበሉት።»

አቶ ፍቅሬ በመነጽር አዩ። ቅጠሉ ገና አልረገፈም። የእንጨት ክምር ይታያል፤ ነጭ ኩስ ይታያል፤ ወፍ ግን አይታይም። አንገታቸውን አቅንተው ግማሽ ሰዓት ቆሙ። የወፍ ላባ የመሰለ ነገር እኔ ያየሁ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን መምሰል አይጽፉም።

«አባቴ፣ አምንዎታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቅጹ ግን ማመን አይልም።»

«ነገ ስንት ሰዓት ትሄዳላችሁ?»

«ቀትር ላይ።»

አያ ዘለቀ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። «ነገ ጠዋት ይመጣሉ» አሉ፤ «የሚበሉት ካገኙ።»

መንደር ስንመለስ ስብሰባው የሚበላ ስለማግኘት ሆነ። ጉድጓዱን መልሶ መቆፈር አይቻልም፤ ኖራ ፈስሶበታል። ያረጀ አህያ ተጠየቀ። በዚያች ቀበሌ ያረጀ አህያ እንደሌለ ያን ቀን ተረዳሁ፤ ጠዋት በሦስት እግሩ ሲያነክስ ያየሁት ሁሉ ከሰዓት በኋላ በባለቤቱ አፍ ውርንጭላ ሆነ። ከሥጋ ቤት ትርፍራፊ እንዳይፈለግ ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነው፤ የሚያርድ የለም።

«የእኔን ቡሬን ነገ ጎሕ ሲቀድ እንረደውና ቅርጫ እንግባ፤ የሚተርፈው ለወፎቹ ይሁን» አሉ አያ ዘለቀ።

ቡሬ ከሁለት የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱ ነው። ጎረቤታቸው እናትነሽ የምትባል፣ እጇ ላይ ገና የሰሊጥ ገለባ የያዘች ሴት፣ «ኧረ አያ ዘለቀ! በምን ልታርሱ?» አለች።

«ዛፉ ከተቆረጠስ ምን ልጠብቅ?»

ሥጋውን የሚወስድ ሁሉ ሰሊጡ ሲሸጥ ሊከፍል ተስማማ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ቀልድ ብቻ ነበር። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ቅርጫ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቅርጫ የሚተርፍ ነገር የለም። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ሽንጡ፣ ሻኛው፣ አጥንቱ ሳይቀር ለየመደቡ እኩል ይቆራረጣል። ቡሬ ታርዶ፣ ቅጠል ተነጥፎ፣ ሃያ መደብ በተደረደረ ጊዜ ጌትነት ቀድሞ ነቃ።

«ለወፎቹ ምን ተረፈ?»

ቆዳና ቀንድ ነበር የተረፈው።

ክርክሩ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። እኩሌታው «ቆዳው ይበቃቸዋል» አለ፤ እኩሌታው «ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንቀንስ» አለ። ሲቀንሱ ግን ሁሉም አጥንት ብቻ ቀነሰ። በመጨረሻ አያ ዘለቀ ቢላዋውን ተቀብለው ከየመደቡ እየቆረጡ ሃያ አንደኛ መደብ አስቀመጡ።

«እነሱም እንደ ሰው ዕጣቸውን ይግቡ» አሉ።

ዕጣው በአገሩ ልማድ እንዲህ ይጣላል። እያንዳንዱ ተካፋይ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ ስንጥር፣ ጠጠር፣ ቁልፍ። የማን መሆኑን የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ከአቶ ፍቅሬ በላይ ከየት ይመጣል? ጀርባቸውን እንዲያዞሩ ተደረገ። እናትነሽ የማሽላ አገዳ ቁራጭ ሰጠች፤ ጌትነት የካፖርቱን ቁልፍ ቆረጠ፤ አያ ዘለቀ ለራሳቸው ጠጠር፣ ለወፎቹ ደግሞ ከቁጥቋጦ ውስጥ ያገኙትን ጥቁር ክር የመሰለ ሥር ሰጡ። አቶ ፍቅሬ ሁሉንም በባርኔጣ ተቀብለው፣ እንደ ሰነድ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ አስቀመጡ።

ሥሩ ያረፈው ሻኛው ያለበት መደብ ላይ ነው።

«ኧረ በማርያም!» አለች እናትነሽ። «ሻኛው ለጥንብ አንሳ?»

አቶ ፍቅሬ ነገሩን ሲረዱ ደነገጡ። «እኔ እኮ አላወቅሁም። የማን መሆኑን አላወቅሁም!»

«ዕጣው ቢደገምስ?» አለ ጌትነት፤ ዓይኑ ከሻኛው አልተነቀለም።

«ዕጣ አይደገምም» አሉ አያ ዘለቀ።

አንድ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ። እናትነሽ እንኳ እየተራገመች ሳቀች። ሃያ አንደኛው መደብ ከነሻኛው በእጅ ጋሪ ተጭኖ ወደ ሜዳው ሄደ። አቶ ፍቅሬም መደብ ይግቡ ተብለው ነበር፤ «የጥቅም ግጭት ነው» ብለው እምቢ አሉ። አንዳርጌ ግን ግጭት የለበትም፤ ጥብሱን በላ።

ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሜዳው

ጥንብ አንሳ ማልዶ አይነሳም። ምድሩ ሞቆ ነፋሱ ወደ ላይ ሲነሳ ነው የሚበርረው። ሰዉ ግን ይህን አልጠበቀም፤ ጃንጥላ ይዞ፣ ወንበር ይዞ፣ ሜዳውን ከቦ ተቀመጠ።

«ሰርግ አይደለም!» እያሉ አያ ዘለቀ በበትር አባረሩት። «ሰው ባለበት ይወርዳሉ? ኻላስ፣ በቃ፣ ወደየቤታችሁ!»

አምስታችን ብቻ ከአንድ የቆመ የትራክተር ተጎታች ሥር ተጋደምን፤ አያ ዘለቀ፣ አቶ ፍቅሬ፣ ጌትነት፣ አንዳርጌና እኔ። ዘይት ይሸታል። ጉንዳን ይሄድብናል። መጀመሪያ አንድ ውሻ መጣ፤ አንዳርጌ በድንጋይ አባረረው። ቀጥሎ ሁለት አባ ኮዳ ወረዱ፤ ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ረጅም ወፍ። ሻኛውን ዞሩት።

ጌትነት ወደ አቶ ፍቅሬ ጆሮ ተጠጋ። «እነዚህም ራሰ በራ ናቸው። ቢቆጠሩ ምን አለበት?»

«እኔም ራሰ በራ ነኝ» አሉ አቶ ፍቅሬ፤ «አልቆጠርም።»

አራት ሰዓት ሆነ። ጌትነት ካፖርቱን አወለቀ። የአያ ዘለቀ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ ይመስለኛል። እኔም ጸለይኩ፤ ለጥንብ አንሳ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ አያ ዘለቀ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። አንዲት ነጥብ። ሁለት። ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሰማዩ ሞላ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ መሬት ሲነኩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝናብ የሚሸሹ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጀርባ ነጮቹ አሉ፤ ቆብ ያጠለቁ የሚመስሉት ትንንሾቹ አሉ። ይጣላሉ፣ ያፏጫሉ፣ ይራገጣሉ። ቆንጆ አይደሉም፤ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

አቶ ፍቅሬ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ሁለቱም ጊዜ ሠላሳ ስምንት። ቅጹን ደረታቸው ሥር አድርገው ጻፉ። ጌትነት በደስታ የአንዳርጌን ጀርባ መታው። ከዚያ አቶ ፍቅሬ ገጹን ገለበጡ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «መራቢያ ሥፍራ፣ በአገር ውስጥ ወይስ ከአገር ውጭ?»

«እንዴ! የእኛ ናቸዋ!» አለ ጌትነት።

«ድንበሩ እዚህ ነው። ሱዳን አድረው እዚህ ቁርስ የበሉ ከሆነስ? ባለ ትራክተሩ ይህንኑ ነው የሚለው። የሱዳን ወፍ ሥጋ ስለበላ የኢትዮጵያ ዛፍ አይተርፍም።»

«መታወቂያ ይጠየቁ» አለ አንዳርጌ።

አያ ዘለቀ አልሳቁም። «ወደ ማዶስ ይሄዳሉ» አሉ። «ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ይሄዳሉ። እዚያ ምን እንደሚበሉ አልጠይቃቸውም። የሚገቡት ግን እዚህ ነው። አሁን ጠግበዋል፤ ከሰዓት በኋላ ወደየጎጇቸው ተመልሰው ሚስቶቻቸውን ከእንቁላሉ ላይ ያስነሳሉ። ብትቆዩ ታያላችሁ።»

አንዳርጌ ሰዓቱን አየ። ቀትር ላይ ካልወጣን ኬላው ሳይዘጋ ጎንደር አንደርስም። መኪናው በማግስቱ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። አቶ ፍቅሬ አቃፊውን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። ፈርመው ቢሄዱ የሚያውቅባቸው የለም። ሳይፈርሙ ቢሄዱም የሚወቅሳቸው የለም።

«ሳላይ አልፈርምም» አሉ። ከዚያ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። «ሳላይም አልሄድም።»

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ዛፎቹ ሥር

ለሦስት ሰዓት ያህል ወደ ላይ እያየን ተጋደምን። አንዳርጌ ለአለቃው ደውሎ «መኪናው ሞቋል» አለ፤ ውሸት አይደለም፣ እጅ አያስነካም ነበር።

የመጀመሪያው ከምሥራቅ መጣ። ጉሮሮው በሥጋ ተነፍቶ፣ ከብዶት፣ ቀይ መስቀል የተቀባበት ትልቁ ዲማ ላይ አረፈ። ጎጆው ውስጥ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ተነቃነቀ። ሌላ ራስ ወጣ፤ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ አንዲት ሙሉ ወፍ ቆማ ክንፏን ዘረጋች፤ ለካ ትናንት ያን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከራሳችን በላይ ዝም ብላ ታቅፋ ነበር። ወንዱ በቦታዋ ገባ፤ እሷ በረረች።

«ዘብ ተለወጠ» አሉ አያ ዘለቀ በሹክሹክታ።

አቶ ፍቅሬ መነጽራቸውን አላወረዱም። እስከ አሥር ሰዓት አምስት ጎጆ ላይ ዘብ ሲለወጥ አዩ። የቀሩትን ሁለቱን ቅጠል ከለላቸው። «ሰባት ናቸው» አሉ አያ ዘለቀ። «አምስት አይቻለሁ» አሉ አቶ ፍቅሬ፤ አምስት ብለውም ጻፉ። «በአገር ውስጥ» የሚለውን ሣጥን በሁለት መስመር ምልክት አደረጉበት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ነበር።

አያ ዘለቀ ፊታቸውን አዞሩ። ያለቀሱ መሰለኝ፤ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ መንገድ ላይ

ትምህርት ቤቱ ውስጥ አድረን ጎሕ ሲቀድ ወጣን። እናትነሽ የቡሬን ጥብስ በፌስታል ቋጥራ መኪናው ውስጥ ወረወረች። ዓርብ ስለነበር ማናችንም አልነካነውም፤ እስከ ጎንደር ድረስ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ፈተነን።

ነጋዴ ባሕርን ካለፍን በኋላ አቶ ፍቅሬ ወደ ኋላ ዞሩ።

«የመጨረሻው ገጽ ላይ የማኅበረሰቡ አስተዋጽኦ የሚል አለ። ሁልጊዜ የጉልበት ሥራ ይባላል። እዚህ ምን ይባላል?»

«እርስዎ ያዩት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

አሰቡ። ከዚያ ጻፉ፤ አሳዩኝም። «አንድ በሬ» ይላል። ከጎኑ «ግምት በብር» የሚለውን ባዶ ትተውታል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ጎንደር

አቶ ፍቅሬ ደወሉልኝ። በጀቱ ጸደቀ። የጫካው ቁራጭ ለእርሻ አይሰጥም፤ አያ ዘለቀና ሁለት ሌሎች ሰዎች በደመወዝ ጠባቂ ሆነዋል።

«ችግር አልገጠመውም?» አልኳቸው።

«አንድ ጥያቄ በደብዳቤ መጣብኝ። ገምጋሚዎቹ ሌላውን ሁሉ ተቀብለው ስለ በሬው ማብራሪያ ጠየቁ። በማኅበረሰቡ ተዋጥቷል የተባለው አንድ በሬ በአሁኑ ሰዓት የሚገኝበት ቦታ ይገለጽ ይላል።»

«ታዲያ ምን ብለው መለሱ?»

ወረቀት ሲገልጡ ሰማሁ። ከዚያ በዚያ በማይለዋወጠው የመሥሪያ ቤት ድምፃቸው አነበቡልኝ።

«ከላይ የተጠቀሰው በሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ በቀበሌው ሰማይ ላይ እየተዘዋወረ ስለሚገኝ፣ ቀና ብሎ በዓይን ማየት የሚቻል መሆኑን እገልጻለሁ።»